«ዝንጀሮ ጠባቂ ልትሆኚ ነው?»

የወንድሜ ልጅ የዲፓርትመንት ምደባ የወጣ ዕለት ደሴ ቤታቸው ቡና ተፈልቶ ነበር። የደረሳት የዱር እንስሳት ጥበቃና አስተዳደር ነው። ያውም ራሷ አንደኛ ብላ የመረጠችው። ወንድሜ ሲኒውን አስቀመጠና «ዝንጀሮ ጠባቂ ልትሆኚ ነው?» አላት። ልጅቷ አቀረቀረች። እኔም ዝም አልኩ። ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ዛሬ ልጻፈው።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁ ተመርቃ ቤት እንዳትቀመጥበት ነው የፈራው። በየሰፈሩ ዲግሪ ይዘው የተቀመጡ ልጆች ስላሉ ፍርሃቱ ይገባኛል። ያልገባኝ ትምህርቱን የናቀበት ምክንያት ነው።

ዝንጀሮ የሚጠብቅ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ነው። ዕድሜው አሥር ቢሆን ነው። ወንጭፍ ይዞ የአባቱ ገብስ ማሳ ዳር ቆሟል። ከሱ ትንሽ ራቅ ብሎ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ይግጣል። ጭላዳ ሲበላ ቁጭ ብሎ ነው። ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቀጨም ቀጨም ያደርግና እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይከተዋል። ከዚያ ሳይነሳ በቂጡ ተንፏቆ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል። ለማየት ደስ ይላል። ለልጁ ግን ደስ አይልም። ገብሱ ሲደርስ ትምህርት ቤት እንደማይሄድ ነገረኝ። ዓይኑን ከመንጋው ላይ ሳያነሳ ነበር የሚያወራኝ።

የወንድሜ ልጅ የምትማረው የዚህን ልጅ ነገር ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ገብሱም ለዚያ ቤት የዓመት ቀለብ ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው ይኑሩ? ማሳው ዳር ምን ይዘራ? ለጠፋው እህል ማን ይካስ? ግጦሹስ የት ድረስ ይሁን? መልሱን ማግኘት የእንስሳ ስም ከመሸምደድ በላይ ነው። ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይጠይቃል።

ቀይ ቀበሮንም ውሰዱ። ጎልማሶቹ በዓለም ላይ 500 አይሞሉም። ከቀሩት ጥቂቶቹ እዚሁ ቦረና ሳይንት ናቸው። የሚበላው በአብዛኛው አይጥ ነው። ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ ከእኛ ውሻ የሚጋባው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ስለዚህ ቀበሮ ማዳን ማለት ግማሹ ሥራ መንደር ገብቶ ውሻ ማስከተብ ነው። በሽታው ሰውንም ይገድላል። ክትባቱ ለሰውም ለቀበሮም ነው።

ሙያው ከፈረንጅ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ደግሞ መንዝን ይጠይቅ። እዚያ የጓሳ አካባቢ ሰዎች የጋራ ሣራቸውን ቄሮ በሚባል የራሳቸው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግተው ያቆዩታል። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይሆናል። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እዚያ አሉ። የሥርዓቱ ጉልበት የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቢላላም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ መልሶ ይዞታል።

እና ምን ይሁን ነው የምለው? ልጆቹን ከክፍል አውጧቸው። ስለ ጭላዳ በፕሮጀክተር ብቻ ተምሮ የሚመረቅ ልጅ ያን ወንጭፍ የያዘ ልጅ ፊት ምን ይላል? ለመስክ ትምህርት የሚሆን ቦታ ሞልቶናል። የጦሳ ተራራ ደሴ አናት ላይ ነው። የጎፍ ደን ከኮምቦልቻ በላይ ነው። ሐይቅ ቅርብ ነው። የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ለሚወርድ ሰው ጨፋ ረግረግ ከነወፎቹ አለ። ለመስክ የሚያስፈልገው የመኪናና የአበል በጀት ነው፣ እሱ ደግሞ ሁሌ መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው። ይህ ያናድደኛል።

ሌላው ቅጥር ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻ መጣያ ላይ ለሚሰበሰበው ጅብ፣ ባለቤት ለሌለው ውሻ፣ ለቦርከና ውሃ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ወረዳዎችም እንዲሁ። መደቡን ይክፈቱ። ያኔ ወንድሜም ያን ጥያቄ አይጠይቅም።

ልጅቷ በቀደም ለእረፍት መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስገባ በር ላይ የታሰረውን ውሻ እያየች «ይሄ ተከትቧል?» አለች። ማንም አልመለሰም። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ውሻውን በገመድ ይዞ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሲወርድ አገኘሁት።