192 ኪሎኸርዝ ማሲንቆውን አያጠራውም

ጎንደር ውስጥ በአንዲት ክፍል፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ሳውንድ ካርድ ዘፈንና መዝሙር የሚቀርጽ ሰው «እኛ የምንቀዳው በ192 ነው» ሲል የጥራት ማረጋገጫ የሰጠ ይመስለዋል። አልሰጠም። ለማሲንቆም፣ ለክራርም፣ ለድምፃዊም 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል።

በኪሎኸርዝ የሚጠራው ሳምፕል ሬት ኮምፒውተሩ ድምፁን በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካው የሚናገር ቁጥር ነው። የሚይዘው የድምፅ ቅጥነት የዚህን ቁጥር ግማሽ ያህል ድረስ ነው። 48 ኪሎኸርዝ እስከ 24 ይይዛል፤ ጤናማ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ደግሞ እስከ 20 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሚሰማው የሌሊት ወፍ ነው። ቀረጻውን በኋላ በጣም አዘግይቶ ለኢፌክት መጠቀም የሚፈልግ ሰው 96 ቢመርጥ ምክንያት አለው፤ ሌላው ትርፉ ዲስክ መሙላት ነው። በ24 ቢት አንድ ትራክ (ለብቻው የተቀዳ አንድ ድምፅ) በ48 በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይይዛል፣ በ192 ደግሞ 34.6። አሥር ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን ከ432 ሜጋባይት ወደ 1.7 ጊጋባይት ያድጋል፤ የተበላሹት ድጋሚ ቅጂዎች ሳይቆጠሩ። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ሸክሙን ሳይችለው ሲቀር «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ቀረጻው ውስጥ ይተዋል።

ቢቱ ግን (የሙዚቃውን ቢት አይደለም፤ እያንዳንዱ ልክ ምን ያህል በዝርዝር እንደሚጻፍ የሚናገረው ቁጥር ነው) ዋጋ አለው። አንዱ ቢት ወደ 6 ዴሲቤል ስለሚሰጥ 16 ቢት 96፣ 24 ቢት በወረቀት ላይ 144 ዴሲቤል ስፋት አለው፤ ስፋቱ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ነው። የሳውንድ ካርዶች እውነተኛ አቅም ከ110 እስከ 120 አካባቢ ቢሆንም፣ ጥቅሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለ ስጋት መቅዳት መቻሉ ነው።

አዝማሪ ሲቀረጽ ይህ ጎልቶ ይታያል። ለስለስ አድርጎ ይጀምርና ግጥሙ ሲሞቅ ደጋኑን ይጫነዋል፣ ድምፁንም ይለቀዋል፤ አጠገቡ ያለውም እልል ይላል። ስለዚህ «እስቲ ትንሽ ተጫወት» ብሎ ጌይን (ሳውንድ ካርዱ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን) ማስተካከል አያዋጣም። የሚሞቅበትን ቦታ አስጫውቱትና የመቅጃ ፕሮግራሙ የድምፅ መጠን ማሳያ፣ ሜትሩ፣ ከጣሪያው ከዜሮ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። ቀዩን ከነካ ድምፁ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ 32 ቢት ፍሎት (ከዜሮ በላይ ያለውንም ድምፅ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) መምረጥም አያድንም፤ ድምፁ የተቆረጠው ገና ሳውንድ ካርዱ ውስጥ ነውና።

ሌላው ችግር የሚመጣው ከሰው በተላከ ቅንብር ነው። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተሠራውን ፕሮግራሙ ሳይቀይር በ48 ካጫወተው 8.8 በመቶ ይፈጥናል፣ ቃናውም አንድ ተኩል ሰሚቶን (በፒያኖ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ያህል ከፍ ይላል። ድምፃዊው «ዛሬ ጉሮሮዬ እምቢ አለ» እያለ በማይመቸው ቁልፍ ይታገላል። ላኪውን የዘፈኑን ርዝመት ጠይቁት፤ አራት ደቂቃ የተባለው 3 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ የጉሮሮ አይደለም።

ባፈሩን (ላፕቶፑ ከማስተናገዱ በፊት በአንዴ የሚያጠራቅመውን የልክ ብዛት) ሲቀዱ 128 ወይም 256 ላይ ያድርጉት፤ 256 በ48 ኪሎኸርዝ በራሱ 5.3 ሚሊሴኮንድ ያህል ያዘገያል። ሚክስ ሲደረግ 1024 ይሁን።

192 ላይ ከመሄድ በፊት ግን አንድ ሙከራ ይደረግ። ማይኩን ክፈቱ፣ ጌይኑን ለቀረጻ እንዳስተካከላችሁት ተዉት፣ ማንም ሳይናገር 30 ሴኮንድ ቅዱ። የባጃጁ ጩኸት፣ የላፕቶፑ ፋን፣ ሐምሌ ከሆነ የቆርቆሮው ዝናብ፣ ቻርጀሩ ከተሰካ ደግሞ እምም የሚል ድምፅ ይሰማል። ሜትሩ ከዜሮ 50 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ከቆመ፣ የክፍሉ ጩኸት 16 ቢት እንኳ ሊይዘው ከሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ እጅግ በላይ ነው። ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት፣ ላፕቶፑን ከማይኩ ማራቅ፣ ከድምፃዊው ኋላ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩና 30 ሴኮንዱን እንደገና ቅዱት።