መጀመሪያ ከዓይን እስከ መርፌ ይለካ

ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ስትሰፋ ኖራለች። አሁን የዓይኗ መሃለኛ እይታ ተጎድቷል። የሰው ፊት ስታይ ዳር ዳሩ እንጂ መሃሉ አይታያትም። ይህን ተራ መነጽር አያስተካክለውም። የሚረዳት ማጉላት ነው። ምስሉ ሲተልቅ ደህና የቀረው የዓይኗ ክፍል ይይዘዋል።

መጀመሪያ በእጅ የሚያዝ አጉሊ መነጽር ገዛንላት። በማግስቱ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «አንዱን እጄን ለዚህ ከሰጠሁ ጨርቁን በምን ልያዘው?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከዚያ +10 ዳይኦፕተር መነጽር ታዘዘላት፤ ዳይኦፕተር የሌንስ ኃይል መለኪያ ነው። አጥርቶ የሚያሳይበትን ርቀት ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 100 ሴንቲ ሜትርን ለሌንሱ ቁጥር ማካፈል ነው። +10 ሌንስ አጥርቶ የሚያሳየው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ለማንበብ ይሆናል። ስፌት ላይ ግን ግንባሯ ከመኪናው ይጋጫል፣ መርፌው አፍንጫዋ ሥር ይመላለሳል። መነጽሩ ምንም አልጎደለውም። ያዘዘላት ሰው ግን ምን እንደምትሠራ አልጠየቃትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በጎርጎርዮሳዊው 2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 3.7 ያህሉ የማየት አቅማቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ዓይነ ስውር አይደሉም። ይሰፋሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይማራሉ። ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት መሣሪያ ንድፍ ከሥራቸው መነሳት አለበት።

ባለፈው ቅዳሜ በራሷ ሜትር ለካን። ቀና ብላ ስትቀመጥ ከዓይኗ እስከ መርፌው 33 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ርቀት መፍትሔ አለ። መነጽር ላይ የሚገጠም 3 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ቴሌስኮፕ ፊቱ ላይ +3 ሌንስ ቢደረብለት፣ 3 ጊዜ 3፣ የ+9 ሌንስ ያህል ያጎላል፤ የሥራው ርቀት ግን 33 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይቆያል። ፊትም መርፌም በየቦታቸው።

ዋጋ አለው በእርግጥ። የሚታየው ስፋት ይጠባል። እሱን አድርጎ መራመድ ደግሞ አደጋ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጣት ወደ ላይ የሚታጠፍ መሆን አለበት። ክብደቱም አፍንጫ ላይ ያርፋል፣ ላብ ሲመጣ ይንሸራተታል። ይህን ድሬዳዋ የኖረ ሰው ያውቀዋል። እዚያ ፀሐዩ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ዓይኑ ብርሃን ለማይችል ሰው ከጎንም የሚከልል ቢጫ ወይም ቡኒ ሌንስና ሰፊ ባርኔጣ ትልቅ እፎይታ ነው።

ካሜራና ስክሪን ያላቸውን ዘመናዊ መነጽሮች አልጠላም። ለአንዳንዱ ሰው ብዙ ይጠቅማሉ። ግን ከባድና ውድ ናቸው፣ ባትሪያቸውም ያልቃል። እነሱን እየጠበቅን በሌንስና በፍሬም የሚሠራውን መተው የለብንም።

የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት እያሰባችሁ ከሆነ ወደ መኪና ግርግር ኑ። ሜትር ያዙ። የአክስቴ አንገት የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ፣ ጥቁር ክር ጥቁር ጨርቅ ላይ ሲሆን ምን እንደምታደርግ እዩ። አክስቴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ መኪናዋ ላይ ናት።