ቨርጂኒያ ስትጀመር ኩባንያ ነበረች

ታንክስጊቪንግ በመጣ ቁጥር የመርከቧ የሜይፍላወር ወሬ ይነሳል። 1620 ላይ 102 መንገደኞች፣ የእምነት ነፃነት፣ ከአገሬው ጋር አንድ ማዕድ። ደስ ይላል። ግን አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ለምንኖር አበሾች ቅርባችን ሌላ ታሪክ አለ። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ወደ ደቡብ ጥቂት ሰዓት ነድተን የምንደርስበት ጄምስታውን፣ ሜይፍላወርን በ13 ዓመት ይቀድማል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እሱን የቆረቆረው ደግሞ ትርፍ ፈላጊ አክሲዮን ማኅበር ነው።

ለንደን ያሉ ባለገንዘቦች የቨርጂኒያ ኩባንያን አቋቋሙ። በግንቦት 1607 ወደ 104 የሚጠጉ ወንዶችና ልጆች ወንዝ ዳር ረግረግ ላይ ሰፈሩ። ሴት የለችም። ቦታው የተመረጠው የስፔን መርከብ ቢመጣ ለመከላከል ስለሚመች ነው፤ ውሃው ግን በሙቀቱ ወራት ጨው ጨው ይላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ግማሽ ያህሉ አለቁ።

ብዙ ሰው ይህን ሲተርክ "ሰነፎች ስለነበሩ ነው" ብሎ ያልፈዋል። መሪያቸው ጆን ስሚዝ ጳውሎስን ጠቅሶ "ሊሠራ የማይወድ አይብላ" ብሏልና። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። 1608 ላይ ኩባንያው ለተራበ ሰፈር የላከው እኮ ወርቅ አንጥረኛና ወርቅ አጣሪ ነው! እነሱም የሚያብለጨልጭ አፈር ጭነው ለንደን ላኩ፤ ሲመረመር ተራ አፈር ሆኖ ቀረ። ዕድላቸው ሆኖ ድርቅም ጠበቃቸው፤ የዛፍ ቀለበት ያጠኑ ሰዎች ከ1606 እስከ 1612 የነበረው ድርቅ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋ እንደነበር ይናገራሉ። በቆሎ የሚሰጧቸው የአገሬው ተወላጆች፣ ፓውሃታኖችም ቢሆኑ ለራሳቸው አልተረፋቸውም።

ከ1609 እስከ 1610 ባለው ብርድ ግንኙነቱ ፈረሰ፤ ፓውሃታኖች ምሽጉን ከበቡት። ፈረሱ ተበላ፣ ውሻው፣ አይጡ፣ እባቡ፣ የጫማ ቆዳው ሳይቀር። 2012 ላይ አርኪዮሎጂስቶች ቆሻሻ ከተጣለበት ምድር ቤት የ14 ዓመት ገደማ እንግሊዛዊት ልጅ የራስ ቅል አወጡ። ግንባሯ ላይ እጁ የፈራ ሰው የሰነዘራቸው የሚመስሉ፣ ጥልቀት የሌላቸው የመጥረቢያ ምቶች ነበሩ፤ መንጋጋዋ ላይ ደግሞ የቢላ ጭረት። ከሞተች በኋላ ተበልታለች። ከመቶዎቹ በሕይወት የወጡት 60 ያህል ናቸው።

ያዳናቸው ወርቅ ሳይሆን ትምባሆ ሆነ። ጆን ሮልፍ ከሌላ ቦታ የመጣ ዘር ሞከረ፤ 1614 ላይ ምርቱ ለንደን ገበያ ገባ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጉልበት ነበር። የመርከብ ዋጋ የከፈለ ሰው ላመጣው ለእያንዳንዱ ሰው 50 ኤከር መሬት ይሰጠው ጀመር፤ የመጣው ድሃ ግን በውል ታስሮ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል። ሰውየው ይለፋል፣ መሬቱ የከፋዩ ነው። በሐምሌ 1619 የመጀመሪያው የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ጄምስታውን ተቀመጠ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዛሬዋ አንጎላ የተያዙ 20 እና ጥቂት አፍሪካውያን እዚያው ቨርጂኒያ፣ ፖይንት ኮምፎርት የሚባል ቦታ ላይ በስንቅ ተለወጡ።

1624 ላይ ንጉሡ የኩባንያውን ፈቃድ ነጥቆ ግዛቱን ለራሱ አደረገ። ባለአክሲዮኖቹ ከሰሩ። ለንደን ተቀምጠው የከሰሩትና እዚያ ረግረግ ላይ የተቀበሩት ግን እኩል ከፍለዋል የሚል ካለ፣ ሂሳቡን ያሳየኝ።