ክርክር፦ ለዝላይና ለጥልቅ በረዶ ልብ የሚሰጠው ስኪው ነው ወይስ ልምምዱ?

ጥያቄው ከዴንቨር የመጣ ነው። ጠያቂው ሰማያዊ የሚባሉትን መካከለኛ መስመሮች ያለ ጭንቀት ይወርዳል፤ ከባዱን ጥቁር እየመረጠ ይሞክራል። አሁን ሁለት ነገር አምሮታል። አንዱ ፓርክ፣ ማለትም መዝለያ የተሠራበት የስኪ ሜዳ፣ ገብቶ መዝለል ነው። ሌላው አዲስ የወረደ ጥልቅ በረዶ፣ ፓውደር የሚሉት ላይ መንሳፈፍ። ገንዘቡ ግን ለአንድ ጥንድ ስኪ ብቻ ነው የሚበቃው። ምን ይግዛ? ፍርሃቱንስ በምን ያሸንፈው?

ሁለት ሰው ጋበዝን። አንዱ ሲያትል አካባቢ ስኪ ሱቅ ውስጥ ባይንዲንግ፣ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘውን ማያያዣ፣ ይገጥማል። ሌላዋ ኮሎራዶ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ስኪ ታስተምራለች። እንደ ልባቸው እንዲናገሩ ስማቸውን ትተነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሲያትል፦

ሰፊ ስኪ ይግዛ። ወገቡ፣ ማለትም ከጫማው ሥር ያለው ቦታ፣ ከ100 እስከ 106 ሚሊሜትር ይሁን። አፍንጫው ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚነሳ፣ ሮከር ያለው፣ ሲጫኑት ትንሽ የሚተጣጠፍ። በቃ።

ጥልቅ በረዶ ላይ ሰውን የሚያስደነግጠው ቁልቁለቱ አይደለም። የስኪው አፍንጫ መስመጡ ነው። በጠባብ ስኪ ትገባለህ፤ አፍንጫው ይጠልቃል፤ ስኪው ይቆማል፤ አንተ ትቀጥላለህ። ስትነሳ አንድ እግርህ ላይ ስኪ የለም። ሁሉም ሰው ወደ ታች እያየ ይፈልጋል። ስኪው ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከላይ ነው፤ እሱ ቀድሞ ቆሟል፣ አንተ ነህ የተንከባለልከው። ሌላኛውን አውልቀህ በጅራቱ በረዶውን ወደ ጎን እየሰነጠቅክ፣ ብረት እስኪነካልህ ትቆፍራለህ። ላብ በላብ ትሆናለህ። ጓደኞችህ ታች ቆመው ይጠብቁሃል። አንዳንዱ ባይንዲንጉ ላይ ረጅም ባለ ቀለም ሪባን አስሮ ሱሪው ውስጥ የሚከተው ለዚህ ነው፤ ስኪው ሲጠፋ ሪባኑ ከበረዶው በላይ ይታያል። እንዲህ አንድ ጠዋት ያሳለፈ ሰው በማግስቱ "በማሽን የተደለደለው መስመር ይሻለኛል" ነው የሚለው።

ሰፊው ስኪ ይህን ሁሉ ያስቀርለታል። በ1988 አቶሚክ የሚባለው የስኪ ኩባንያ ሰው ሩፐርት ሁበር ስኖውቦርድ ለሁለት ሰንጥቆ ሞከረው። ከዚያ ሙከራ ፓውደር ፕላስ የሚባለው ሰፊ ስኪ ወጣ። የካናዳ ተራሮች ላይ በሄሊኮፕተር ለሚወጡ ደንበኞች ነገሩ ተለወጠ። ቀድሞ እኩለ ቀን ላይ ጭናቸው የሚከዳቸው ሰዎች እስከ ማታ መውረድ ቻሉ። ሰዎቹ በአንድ ሌሊት ጎበዝ አልሆኑም፤ ስኪው ነው የተቀየረው። በ2002 ደግሞ ታዋቂው ስኪተኛ ሼን ማኮንኪ ከቮላንት ኩባንያ ጋር ስፓቹላ የሚባለውን አወጣ። መሃሉ ከሁለቱም ጫፎቹ የሚሰፋ፣ ጫፎቹ ወደ ላይ የተነሱ ስኪ! የሳቀበት ብዙ ነው። ዛሬ ግን ሮከር የሌለው የፓውደር ስኪ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው።

ከዴንቨር፦

ወንድሜ፣ ታሪኩን ጨርሰዋ! ማኮንኪ እኮ ቬርሞንት ውስጥ በርክ በሚባለው የስኪ ውድድር ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ነው። በጠባብ የውድድር ስኪ ጠርዝ፣ በጎኑ ባለው ስለታም ብረት፣ በረዶ መያዝን ጠግቦ ነው ወደ ሰፊው የሄደው። የፓርኩም ታሪክ ይኸው ነው። በ1998 ሳሎሞን ኩባንያ ቴን ኤይቲ የሚባለውን የፓርክ ስኪ ሲያወጣ፣ እነ ማይክ ዳግላስና ጄፒ ኦክሌር የሚባሉት ካናዳውያን ስኪተኞች በሞጉል ስኪ፣ ለጉብታ መስመር በተሠራው፣ ሲዘሉ ኖረዋል። ወደ ኋላ ሆነው እንዲያርፉ ጅራቱም የተቀለበሰ ስኪ ያስፈልገናል ብለው እነሱ ናቸው የጎተጎቱት። ስኪው መጥቶ አይደለም የደፈሩት።

ወደ ጠያቂያችን ልምጣ። የሚኖረው ዴንቨር ነው። አርብ ሌሊት በረዶ ከጣለ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ተራራው የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ አይ-70፣ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ዴንቨርና አውሮራ ያለ ሰው ሁሉ ያንን መንገድ የተሰጠው ይመስል ተያይዞ ይወጣል። ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት ጋ እስኪደርስ ትኩሱ በረዶ ታርሷል። የሚቀረው የተደለደለው መስመር ነው፤ ወቅቱን በሙሉ እግሩ ሥር የሚውለውም እሱ ነው። ጠንካራ በረዶ ላይ 106 ሚሊሜትር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ይዘገያል። ጠርዙ ከእግሩ መሃል በራቀ ቁጥር ስኪውን ለማጋደል ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ጉልበቱ ናት።

የኔ ምክር ከ86 እስከ 92 ሚሊሜትር የሆነ ትዊን ቲፕ፣ አፍንጫውም ጅራቱም የተቀለበሰ ስኪ፣ ነው። ሲያቆመው አፍንጫውና ግንባሩ መካከል የሚደርስ። ጥልቅ በረዶ የተገኘ ቀን ሰፊውን ይከራይ። ለአንድ ቀን ተከራይቶ መመለስ ዕዳው ገብስ ነው።

ከሲያትል፦

ጠባብ ስኪ ያስተምራል ከተባለማ ከሁሉም የሚበልጠው የሮቤል ተክለማርያም ነዋ! አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ2006 ቶሪኖ ላይ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪያችን የሆነው ሮቤል። በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተሰልፏል። የሱ የአገር አቋራጭ ስኪ ወገብ 50 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። እሱን ይዘህ ፓውደር ግባ የሚለኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ደግሞ በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም፣ እህቴ። እናንተ ጋ ደረቅና ቀላል ነው። እኛ ጋ እርጥብና ከባድ፤ ሰዉ "የካስኬድ ኮንክሪት" ይለዋል። ብዛቱንስ ብትይ? እኛው ጋ ማውንት ቤከር የሚባለው ተራራ ላይ በ1998/99 ወቅት 1,140 ኢንች፣ 29 ሜትር ገደማ ወርዶ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኗል። ከባድ በረዶ ሲታረስ ጉብታ በጉብታ ይሆናል። ጠባብ ስኪ በየጉብታው እግር ይነጥቃል፤ ሰፊው ላይ ላዩን ያልፋል። "ታርሷል" ብለሽ የጣልሽው በረዶ ላይ ነው እኔ ሰፊውን የምፈልገው።

አሁን ስለ ሥራዬ ላውራ። የፓርክ ስኪ ይዞ የሚመጣ ልጅ "መሃሉ ላይ ግጠምልኝ" ይለኛል። የስኪ ጫማው፣ ቡቱ፣ ጎን ላይ የእግሩን መሃል የምታሳይ ትንሽ መስመር አለች። ስኪውም ላይ መስመር አለ። ሁለቱን አገናኝቼ እበሳለሁ። መሰርሰሪያው 3.6 ሚሊሜትር ነው፤ ስኪው ውስጥ ብረት ካለ 4.1። ጥልቀቱ 9 ሚሊሜትር፣ ከዚያ ካለፈ በሥሩ በኩል ይወጣል። ማጣበቂያ ጠብ አድርጌ ብሎኑን አጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ "ትንሽ ወደ ኋላ ሳብልኝ" ቢለኝ ቀላል አይደለም፤ አዲሱ ቀዳዳ አሮጌው አጠገብ ከሆነ ብሎኑ አይጨብጥም።

መሃል ላይ የተገጠመ ስኪ ለመሽከርከርና ወደ ኋላ ለመንሸራተት ግሩም ነው። ፓውደር ውስጥ ግን ከፊት ያለው ስኪ ያጥርና አፍንጫው ይሰምጣል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የፓርክ ስኪ ጅራቱ ረዝሞ ጉዱን ከፊት ያመጣዋል። በዚያ ላይ የፓርክ ልጆች ሬይሉ፣ የሚንሸራተቱበት የብረት ሐዲድ፣ ላይ እንዳይነክስባቸው ከእግራቸው ሥር ያለውን ጠርዝ በሞረድ ያደነዝዙታል። ታዲያ ጠያቂያችን በደነዘዘ ጠርዝ ነው ጠርዝ የሚማረው?

ከዴንቨር፦

ጠርዙን የሚያደነዝዘው ሬይል ላይ የሚውል ነው። ጠያቂያችን ገና ቦክስ፣ ሳጥን መሰሉ መንሸራተቻ፣ ላይ አልወጣም። ለመጀመሪያው ወቅት ከበረዶው እኩል የተቀመጠ ሰፊ የፕላስቲክ ቦክስ ይበቃዋል፤ ለሱ ሞረድ አያስፈልግም። ባይንዲንጉንም ከመሃል ሦስት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ግጠምለት፤ ማን መሃል ላይ አለ?

ስኪውን ለጊዜው እንተወውና ስለ ፍርሃቱ እናውራ፤ የኔ እንጀራ እሱ ነው። ፍርሃት ሰውን ወደ ኋላ ይጥለዋል። ተማሪው ቦክሱ አፍ ላይ ሲደርስ ዳሌው ወደ ኋላ ይሸሻል። የእግሩ ጣቶች ቡቱ ውስጥ ወደ ላይ ይነሳሉ። ስኪው ከሥሩ ያመልጥና ጀርባው ላይ ዘፍ ይላል። ጥልቅ በረዶ ላይ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እንዲያውም "ፓውደር ላይ ወደ ኋላ ተደገፍ" የሚል አሮጌ ምክር አለ፤ ጭን ያቃጥላል፣ ስኪውንም መምራት ያሳጣል። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው። ቅልጥሙ የቡቱን ምላስ ይጫን። ፓውደር ላይ ደግሞ ሁለቱን እግሮች ቀረብ አድርጎ እኩል ይርገጥ።

ታዲያ ይህን የት ይለማመደው? ያው ነገር በተደጋጋሚ በሚገኝበት ቦታ። ቦክሱ ጠዋትም ማታም ያው ቦክስ ነው። ትኩስ በረዶ ግን አንዴ ካለፍክበት የለም፤ የሚቀጥለው ቁልቁለት ሌላ ነው። መጀመሪያ ለጥ ባለ ቦታ ስኪውን አጉብጦ መዝለል ይልመድ። ቀጥሎ ቀላሉ አረንጓዴ መስመር ላይ ወደ ኋላ ሆኖ መንሸራተት። ከዚያ ግማሽ ዙር። ከዚያ ቦክስ። እያንዳንዱን እስኪሰለቸው ድረስ ይሥራው። እኔ "ሰለቸኝ" ያላለኝን ተማሪ ወደሚቀጥለው አላሳልፍም፤ "አልፈራሁም" ሲለኝ ግን አላምነውም።

ዝላይ ላይ ደግሞ ፍርሃት ራሱ ነው የሚጎዳው። መዝለያው ሲገነባ መነሻ አለው፣ መሃል ላይ ጠፍጣፋ አለው፣ ከዚያ ቁልቁል የሆነ ማረፊያ። ቁልቁለቱ ላይ ያረፈ ሰው ተንሸራቶ ይሄዳል። ጠፍጣፋው ላይ ያረፈ ግን ኃይሉን ሁሉ በጉልበቱና በወገቡ ይቀበላል። የፈራ ሰው መነሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፤ ፍጥነቱ ያንስና ጠፍጣፋው ላይ ይወድቃል። መድኃኒቱ ወኔ አይደለም። መጀመሪያ ሳይዘል በጎኑ ወርዶ ማረፊያውን ይየው። ቀጥሎ ፍጥነቱን ከሚያውቅ ሰው ኋላ ይግባ፤ እሱ ከተነሳበት ቦታ ይነሳ፣ መሃል ላይ አይጠማዘዝ። ብርቱካናማው ምልክት ላይ የተጻፈውንም ያንብብ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ይላል። ከትንሹ ይጀምር። በረዶው ራሱ ካስፈራው ኮፐር ማውንቴን ላይ ዉድዋርድ የሚባል ማሠልጠኛ አለ፤ ቤት ውስጥ ትራምፖሊን ላይ ዘልለህ ስፖንጅ ውስጥ ትወድቃለህ። እዚያ የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናት ነው። ምንም አይደል፣ ፈታ ይበል!

አንተ ግን ሰፊ ስኪ ልብ ይሰጣል ትላለህ። ያ ልብ የት ነው የሚወስደው? ዛፎች መሃል። መቆም የማይችልበት ቦታ።

ከሲያትል፦

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ እኛ ጋ በደንብ የምናውቀው ነገር ነው። ትልቅ ጥድ ሥር፣ ቅርንጫፎቹ በረዶውን ስለሚከልሉ፣ ከላይ የማይታይ ጉድጓድ ይፈጠራል። ሰው በጭንቅላቱ ይገባበትና በረዶው ይዘጋበታል። ፈቃደኞችን አስገብተው በሞከሩት ጊዜ ከአሥሩ ዘጠኙ ራሳቸውን ማውጣት አልቻሉም። ስለዚህ ዛፍ መሃል ብቻውን የሚገባ ሰው የለም። ጓደኛውን እያየ ይውረድ፤ ታች እንገናኝ ተባብሎ መለያየት አይሠራም። ፊሽካ አንገቱ ላይ ይሁን። የስኪ ቦታውን ወሰን ከሚያሳየው ገመድ ውጭማ የበረዶ ናዳ ትምህርት ሳይማር፣ መሣሪያውን ሳይዝ አይታሰብም፤ የኮሎራዶ በረዶ ደግሞ በናዳ ከእኛው የባሰ ተንኮለኛ ነው።

ግን ይህ የሰፊ ስኪ ጥፋት አይደለም። ዛፍ ሥር የሚወድቀው ስኪው የሰመጠበት፣ በወደደው ቦታ መዞር ያቃተው ሰው ነው። የሚንሳፈፍ ስኪ ያለው እዚያ ከመድረሱ በፊት ይዞራል።

በአንድ ነገር እንደማትጣዪኝ አውቃለሁ። ከስኪው በፊት ቡቱን ይግዛ። ተረከዙ የሚነሳበት ቡት ካደረገ የኔም የአንቺም ምክር ከንቱ ነው። ስኪው በስንት ኃይል እንደሚፈታ የሚወስነውን የባይንዲንጉን ቁጥር ደግሞ ሱቁ ያውጣለት፤ በክብደቱ፣ በቁመቱ፣ በዕድሜው፣ በቡቱ ርዝመትና በችሎታው ነው የሚወሰነው። "ስኪው እንዳይፈታብኝ ጨምርበት" የሚሉኝ አሉ። ስኪው ካልተፈታ የሚፈታው ጉልበትህ ነው እላቸዋለሁ።

ካስፈለገ 97 ላይ እንታረቅ።

ከዴንቨር፦

በቡቱም በቁጥሩም አልጣላህም። በ97 ግን፣ መርካቶ መሰለህ እንዴ መሃል የምንቆርጠው? ጠያቂያችን ሲያትል ቢኖር ኖሮ ራሴ 98 አስይዘው ነበር፤ የናንተ በረዶ ይፈልገዋል። ዴንቨር ነውና ከ92 አላልፍም። ከማንኛችንም ምክር በፊት ግን አንድ የሥራ ቀን ፈቃድ ወስዶ ይውጣ፤ ያን ቀን አይ-70ም ባዶ ነው። ጠዋት ጠባቡን፣ ከሰዓት ሰፊውን ይከራይ። የመግዣውን ገንዘብ እስከ መጋቢት ያቆየው። ያኔ ብዙ ሱቆች ሲያከራዩ የከረሙትን ስኪ በቅናሽ ያወጣሉ።

ከሲያትል፦

ኪራዩ ላይ እስማማለሁ። ሰፊውን ግን ጠዋት ያድርገው፤ ከሰዓት በኋላማ በረዶው አልቆ ምኑን ይፈትንበታል? አንቺም ይህን ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም።