ስክሪኑ ላይ የለም ማለት መንገዱ ላይ የለም ማለት አይደለም

በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ ለሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ጂፒኤስ መግጠም የተለመደ ሥራ ነው። ወደ ከርሰ ምድር የማዕድን ማውጫ ሲገባ ግን ይህ ሙያ ብቻውን አይበቃም። የሳተላይት ሞገድ ዓለት አያልፍም።

በዋሻ ውስጥ ቁልቁለቱ ብዙ ጊዜ ሰባት ሜትር በተሄደ ቁጥር አንድ ሜትር ይወርዳል። መንገዱ ለአንድ ገልባጭ ብቻ የሚበቃ ነው። ተጭኖ የሚወጣውን አቀበት ላይ ማስቆም አይመከርም፤ ከቆመበት ሲነሳ ካምቢዮው ይግላል። ስለዚህ ባዶው መተላለፊያው ላይ ቆሞ ያሳልፈዋል። ማን የት ይቁም የሚለው ነው የስምሪቱ ዋና ሥራ።

ለዚህም መኪናው ላይ ታግ (መለያ ቁጥሩን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ)፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ታጉን የሚያነብ አንባቢ መሣሪያ ይገጠማል። አንባቢው የሚናገረው መኪናው በአጠገቡ ማለፉን ብቻ ነው። ሁለት አንባቢዎች 300 ሜትር ቢራራቁና መኪናው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ስክሪኑ ለ90 ሰከንድ የሚያሳየው ያለፈውን ቦታ ነው። ሞገዱ በአየር ማስገቢያው ጉድጓድ ሾልኮ ከላይ ያለው አንባቢ የታችኛውን መኪና ሲያነብም ያጋጥማል፤ ያኔ መኪናው ደረጃ ዘሎ የወጣ ይመስላል። የአንባቢውን ኃይል መቀነስና አንቴናውን ማዞር ይረዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው አንባቢዎቹን ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ነው። የፍንዳታ ፍንጣሪ ይቆርጠዋል፣ ከፍ ያለ የሎደር አካፋ ይጎትተዋል፣ ማያያዣው ውስጥ ውሃ ይገባል። በቁልቁለቱ ወርዶ በአየር ጉድጓዱ የሚመለስ የፋይበር ቀለበት አንድ ቦታ ቢበጠስ መረጃው በሌላው በኩል ይሄዳል። ሁለቱም መስመሮች በአንድ ግድግዳ ከተሰቀሉ ግን ቀለበት መባሉ ዋጋ የለውም።

ኬብል መበጠሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ወሳኙ ፕሮግራሙ ያኔ የሚያደርገው ነው። ምልክቱ የጠፋን መኪና ከስክሪን የሚያነሳ ፕሮግራም ሰው ይገድላል፤ ባዶው መኪና «መንገዱ ነፃ ነው» ተብሎ ይወርዳል። በባቡር ሐዲድ አንድ ክፍል ባቡሩ መውጣቱ እስኪረጋገጥ እንደተያዘ ይቆያል። እዚህም መኪናው በመጨረሻ የታየበት ቦታ በሌላ ቀለም ይቆይ፤ ሹፌሩ ራሱ በሬዲዮ እስኪያረጋግጥ ክፍሉ ዝግ ይሁን። ምርት ይዘገያል፣ ይዘግይ።

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎችም ይህን ከሶፍትዌሩ በፊት ቢማሩት ጥሩ ነው። ገዢው ደግሞ ርክክብ ሲያደርግ አንድ መኪና መሃል ላይ አስቁሞ የሁለቱን አንባቢዎች ኤሌክትሪክ ያቋርጥ። ስክሪኑ ክፍሉን ነፃ ካለ አይፈርም።