ምስጋና ለግማሽ ድምፅ

ሰሞኑን የወጣውን ዘፈን ሰምታችኋል፤ ባትፈልጉም ሰምታችኋል። ድምፃዊው «ሕይወቴን ያበላሸሁት እኔው ነኝ» ብሎ ይጀምርና አራት ደቂቃ ሳይሞላ ፍጹም ደስተኛ ሆኖ ይጨርሳል። እጅ ነስቻለሁ!

ተአምሩን በወጉ ላወድሰው። መጀመሪያ ላይ ጀግናችን የሚወዳትን አባሯል፣ ስልክ አያነሳም፣ መልካም ነገር ሲመጣ በር ይቆልፋል። የሚሰማው ፒያኖ ብቻ ነው፤ ሐዘን ከበሮ አይወድማ። አዝማቹ ላይ ከበሮው ዱብ ሲል «ከዛሬ ጀምሮ ራሴን እወዳለሁ» ይላል። ቆዩ፣ ገና ነው። መስታወት ፊት ይቆማል (ያለ መስታወት የዳነ ዘፋኝ የለም)። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ይልና በሹክሹክታ ራሱን ይቅር ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ የበደላቸውንም ሰዎች ይቅር ይላቸዋል። ይቅርታ መጠየቁ ግን ለዜማው አልተመቸም መሰለኝ፣ ተዘሏል። በመጨረሻም አቀናባሪው ዜማውን በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በአንዲት ትንሽ የድምፅ እርከን፣ ከፍ ያደርገዋል። አለቀ፣ ዳነ! ቅናቱ፣ ስካሩ፣ የልጅነት ቁስሉ፣ ሁሉም በግማሽ ድምፅ በነነ። አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ቢል ኖሮ ዕዳውም ይሰረዝለት ነበር። ሁለት ቢሆን መላጣው ፀጉር ያበቅላል። ሦስት ቢሆን አያቱ ከመቃብር ተነስተው ያጨበጭቡ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ጉሮሮው እዚያ አይደርስም።

ፍጥነቱስ! የሙዚቃ ማድመጫው መተግበሪያ ስፖቲፋይ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፤ ስለዚህ የዓመታት ጥፋት ከዚያ በፊት ተናዝዞ ማለቅ አለበት። በ1988 እ.ኤ.አ. ሰው የዋህ ነበር። አትጨነቁ የሚል፣ ያለ አንድ መሣሪያ በሰው ድምፅና አካል ብቻ የተሠራ ዘፈን የአሜሪካውን የቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ መራ። ለመደሰት መጀመሪያ ራስን መክሰስ እንደሚያስፈልግ የነገራቸው አልነበረም፣ ምስኪኖች።

ቀልዱን ልተወውና፣ ልጁን ለቀበረ ሰው «እንቅፋትህ አንተው ነህ» ብሎ መዝፈን ነውር ነው። ሰው የሚያዝነው አንዳንዴ የሚያሳዝን ነገር ስለደረሰበት ነው! ድብርትም ሕመም ነው፤ ያልዳነ ሰው ያልዳነው አዝማቹን ስላልደጋገመ አይደለም።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ። ከሁሉ የማደንቀው የእነዚህን ዘፋኞች አርቆ አሳቢነት ነው። ደስ ብሎት የቀረ ሰው ምን ብሎ ሁለተኛ አልበም ያወጣል? ስለዚህ ጀግናችን በተፈወሰ ማግስት ለቀጣዩ ሥራ የሚበቃ ጥፋት ማጥፋት ይጀምራል፤ የሚለቀቅበት ቀን ተቆርጧላ።