የባሕር ላይ ዕድር

በሸራ ጀልባ አትላንቲክን ልሻገር መሆኔን በስልክ ስነግራት እናቴ ለአፍታ ዝም አለች።

«ሞተር የለውም?»

«አለው፤ የሚሄደው ግን በነፋስ ነው።»

«ሰዎቹስ እነማን ናቸው?»

«ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት። ቤታቸውን ሸጠው ነው ጀልባ የገዙት።»

«ውይ! ምን ደርሶባቸው?»

እናቴ አይፈረድባትም። እርሷ በምታውቀው ዓለም ቤቱን ሸጦ በጀልባ ባሕር የሚሻገር ሰው የባሰበት ነው። በእኔ ባልና ሚስት ላይ የደረሰው መከራ ግን ጎረቤት ነበር። ሆላንድ ውስጥ ለዓመታት አጥር ለአጥር ኖረው፣ የሰው ውሻ፣ የሰው ዛፍ ጥላና የሰው ፒያኖ ቢያስመርራቸው «ከሰው ርቀን በነፃነት እንኑር» ብለው 12 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ለሌሊት ጥበቃ ሰው ቢያንሳቸው እኔን ጠሩኝ። ዋና አለመቻሌን ስነግራቸው ካፒቴኑ ሳቁና ጆሹዋ ስሎከምም አይችልም ነበር አሉኝ። ስሎከም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1895 እስከ 1898 በሸራ ብቻውን ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከዓመታት በኋላ ከነጀልባው ባሕር ላይ ጠፍቶ መቅረቱን ግን አልነገሩኝም፤ እርሱን ከተሳፈርኩ በኋላ ራሴ አነበብኩት።

የድሮ መርከበኞች ይህን መንገድ ሲያመላክቱ «ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ» ይሉ ነበር። እኛ ዘንድ ቅቤ አናት ላይ ሲቀልጥ ግንባር ያርሳል እንጂ አቅጣጫ አይጠቁምም። የሆነው ሆኖ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ከካናሪ ደሴቶች ከላስ ፓልማስ ተነሥተን ወደ ካሪቢያኗ ሴንት ሉሲያ አቀናን። መንገዱ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፍጥነታችን በሰዓት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ከበቅሎ ሶምሶማ አይበልጥም፤ በቅሎዋ ግን ማታ ታርፋለች።

የጉዞው ትልቁ ትምህርት ስለ ውሃ ነበር። ለሦስት ሰው ለ22 ቀን 400 ሊትር። ካፒቴኑ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ፦ ሳህን በባሕር ውሃ ይታጠባል፣ ገላም በባሕር ውሃ፣ ከዚያ በአንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። እኔ በግማሽ ጣሳ ጨረስኩና ቀሪውን መለስኩላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ቀድሞ መርከበኛ ነበርክ?» አሉኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ማደጌንና እስከ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን መሸከሜን ነገርኳቸው። ሰዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ቆጥበው የገዙትን ኑሮ እኔ በነፃ ኖሬበት ወጥቻለሁ።

ሥራዬ የሌሊት ጥበቃና እንቁላል ማገላበጥ ነበር። ማቀዝቀዣው ትንሽ ስለሆነ ዘጠናው እንቁላል ውጭ ይቀመጣል፤ አስኳሉ ከቅርፊቱ እንዳይጣበቅ ደግሞ በየቀኑ ይገለበጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። አትላንቲክ ላይ አየሁ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ጠረጴዛውን አቋርጦ ሄደ፤ ወደ ግራ ስታዘነብል ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰ። ሙዙ ደግሞ ከነዘለላው በአንድ ቀን በሰለና ለአራት ቀን ቁርስም ምሳም እራትም ሙዝ ሆነ። ሌሊት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወገቤን በገመድ እንደ ፍየል ታስሬ ጨለማውን ሳይ አንድ በራሪ ዓሣ መጥቶ ጉንጬን በጥፊ አላሰኝ። በአካባቢው ከእኔ ሌላ የሚመታ ሰው አልነበረም።

ይህ እንግዲህ ከሰው የሚሸሹ ሰዎች ጉዞ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን አጭር ሞገድ ሬዲዮው ተከፈተና አንዲት ሴት ስም መጥራት ጀመረች። በየአቅጣጫው የተበተኑ ሃያ ያህል ጀልባዎች ተራ በተራ «አለን» ይላሉ፤ የት እንደደረሱ፣ የማን ሸራ እንደተቀደደ፣ ማንን እንዳስመለሰው፣ የማን ዳቦ እንዳልነፋ ይናገራሉ። ይህማ ዕድር ነው! የጎደለው ጥሩምባ ነፊ ብቻ ነው። አንድ ቀን አንዱ ጀልባ እንቅልፍ ጥሎት ስም ሲጠራ ባይመልስ ውቅያኖሱ በሙሉ ተሸበረ፤ በማግስቱ ሰውየው የደረሰበት ወቀሳ ከቀሪ መቀጮ የከፋ ነበር። ሆላንድ ውስጥ የጎረቤታቸውን ስም ሳያውቁ የኖሩት የካፒቴኑ ባለቤት 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ስላለ ሰው ጉልበት ሕመም ሲጨነቁ ያድሩ ጀመር።

ሴንት ሉሲያ፣ ሮድኒ ቤይ ስንደርስ ያ ሁሉ ዕድርተኛ መልህቁን ጥሎ፣ አቅርቦ መመልከቻውን ይዞ ጠበቀን። አዲስ ጀልባ መልህቅ ሲጥል ማየት የመልህቅ ጣቢያ ሰዎች ቲያትር ነው፤ ባል መሪውን ይዞ ይጮኻል፣ ሚስት ከፊት ሆና አትሰማም፣ ሁለቱም እጃቸውን ያወናጭፋሉ። የእኛዎቹ ሦስት ጊዜ ጥለው ሦስት ጊዜ አነሡ። በአራተኛው ተጨበጨበልን።

በማግስቱ ጠዋት አጠገባችን ያለው ጀልባ ጄኔሬተሩን አስነሣ። ካፒቴኑ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ።

«እዚህም ጎረቤት አላስቀምጥ አለን! መልህቅ እናንሣ!»

«ዛሬ አይሆንም» አሉ ባለቤታቸው፣ ሲኒ ከመደርደሪያው እያወረዱ። «ሰዎቹን ቡና ጠርቻቸዋለሁ።»